የጂቱ አካሄድ

«እንደ ሰው ሂጂ።»

ሰንበቴ ይህን ያለችው የቤቷ በር ላይ ቆማ ነው። የተባለችው ደግሞ ምራቷ ጂቱ ናት፤ ከግቢው ቧንቧ ትልቁን ጀሪካን ሞልታ ስትመለስ። ከእነሱ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነን፣ በሬ በሌላ ግቢ ቢሆንም መስኮቴ የሚያየው የእነሱን ነው። ግድግዳው የጭቃ ነው፣ ልስኑም ከረገፈ ቆይቷል፤ ስለዚህ የምሰማው ጆሮዬ ረጅም ሆኖ አይደለም። ሮቤ ውስጥ እንዲህ ባለ ቤት የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ የምትለው ከአልጋህ ሳትነሳ ነው። ጎመን እየከተፍኩ ነበር፣ ቀና ብዬ አየሁ። የጂቱ የግራ ዳሌ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይወድቃል፣ እግሯ መሬቱን ይጠርጋል፣ ትከሻዋም ተከትሎ ያዘነብላል። አንድ ጎማው የተነፈሰ ጋሪ ዳገት ሲወጣ ያየ ሰው አካሄዷን አየ ማለት ነው። ጀሪካኑን በሩ ስር አስቀመጠችና ከንፈሯን ነክሳ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ሰንበቴ ግን አልጨረሰችም። «የባጃጅ ነጂ ሁሉ አንገቱን የሚያዞረው ወዶ ነው? ዳሌሽን እንዲያ እያሽከረከርሽለት።»

ቢላዬን አስቀመጥኩ። እኔ ስናደድ ቀልድ ይበዛብኛል ይሉኛል። ያን ጠዋት ግን አንድም ቀልድ አልመጣልኝም፤ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ አውቃለሁ። ይህንንም የነገረኝ ግድግዳው ነው። ክሱ ሦስት ነው፤ ሥራ ትጠላለች፣ ባሏን ማታ ማታ ትሸሻለች፣ ስትሄድም ሰው ታሰድባለች። ወይ ትስተካከል፣ ወይ ጎሮ አባቷ ቤት ትመለስ። ልጁ ይቀራል።

አሁን ሰው ይህችን ልጅ ምን ነካት ይላል። ጂቱ ኤልዳድን ስትወልድ ምጡ ቀንና ሌሊት ነው የያዛት፤ የልጁ ጭንቅላት የአባቱ ነው፣ ትልቅ። አራስነቷ ሳይወጣ የክርስትናው ድግስ ደረሰና ጠላ የሞላውን ጋን ከጓዳ ወደ ድንኳን የገፋችው እሷ ናት። በማግስቱ ከአልጋ መነሳት አቃታት። ሰንበቴ አቅራቢያችን ወዳለው ጤና ኬላ ወሰደቻት፤ ክፋት የለባትም፣ ወሰደቻት። እዚያ ያለችው ልጅ እንደ ነገሩ ነካክታ አየቻትና በኦሮምኛ «ጎባ፣ ኦጌሳ ቢራ ጌሳ» አለች። ባለሙያ ዘንድ ውሰዷት ማለቷ ነው። ኦሮምኛው ኦጌሳ የሚለው ሙያ ያለውን ሁሉ ነው፤ ሐኪሙንም፣ መሐንዲሱንም። ሰንበቴ ሁለቱን ቋንቋ እንደ ሁለት እጇ ታውቃለች፣ ግን የዚያን ቀን የሰማችው በአማርኛው ጆሮዋ ነው። «ወጌሻ አለች። ለወጌሻ ደግሞ ጎባ ድረስ ምን ያስኬደናል፣ ጋሽ ገብረወልድ እዚሁ እያሉልን» ብላ ይዛት ተመለሰች።

ጋሽ ገብረወልድን የማያውቅ የለም። የልጅ ክርን ሲወልቅ፣ የኳስ ተጫዋች ቁርጭምጭሚት ሲዞር፣ ለእሳቸው እጅ ወደር የለውም፤ የኔንም አውራ ጣት አንድ ጊዜ መልሰዋል፣ አልዋሽም። ጂቱን ግን ምንጣፍ ላይ አስተኝተው፣ ቅቤ ቀብተው፣ ጉልበታቸውን ዳሌዋ ላይ አስደግፈው እግሯን ጎተቱት። ቀጭ ሲል እኔ ከዚህ ሰማሁት። «ገባ» አሉ። ምን እንደገባ አልተናገሩም። እንደ ጋሪ መሄድ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ወጌሻ ገባ ካለ በኋላ ደግሞ ያመማት ሴት አላመማትም ማለት ነው፤ ታስመስላለች።

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ዞሬ ገባሁ። ሰንበቴ ለሽማግሌዎቹ የሶፋውን ልብስ እየቀየረች ነበር፤ ጥልፍ ያለው፣ ለዓመት በዓል የሚወጣው። «ገበያ ልወጣ ነው፣ ዘንቢል የሚይዝልኝ አጣሁ፤ ጂቱን አውሺኝ» አልኳት።

«ዘንቢል ለመያዝማ መች አመማት» አለች። «በጊዜ መልሻት፣ ዛሬ እንግዳ አለብኝ።»

ዘንቢሉንም ልጁንም የያዝኩት እኔ ነኝ። ኤልዳድ ጀርባዬ ላይ ተኛ፣ እኛም ገበያውን አልፈን መናኸሪያ ገባን። የጎባው ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ ቆመ፤ ታሪፍ ጨምረዋል፣ ሰውም እንደ ሁልጊዜው ተሳድቦ ከፈለ። ከሮቤ ጎባ መንገዱ አጭር ነው፣ ስንዴው በሁለቱም በኩል አረንጓዴ ሆኖ ተኝቷል፣ ከሳነቴ ተራራ በኩል ጉም ይወርዳል፤ ሌላ ቀን ቢሆን የምወደው መንገድ ነው። መኪናው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ግን ጂቱ የሻርፗን ጫፍ ትነክሳለች። በአንድ መቀመጫዋ ብቻ ነው የተቀመጠችው፣ ሌላውን አንሳፍፋ። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ለሱ ቦታ የለቀቀችለት መስሎት ተስፋፋ።

«እትዬ አሰፋች» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ምንም የለሽም ቢሉኝስ?»

ገባኝ። ሌላው ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ምንም የለህም እንዲሉት ነው። ይህች ልጅ የፈራችው እሱን ነው። ምንም የለሽም ካሏት ሰንበቴ እውነቷን ነው፣ ጂቱም ዛሬውኑ ጎሮ ናት፣ ያለ ኤልዳድ።

«ምንም ከሌለሽ እኔ ጎባ ላይ እጥልሻለሁ፣ እስኪገኝልሽ ድረስ» አልኳት። ሳቀች፤ ስትስቅም ያማታል፣ ታፋዋን ይዛ አቆመች።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ያለው አግዳሚ ሲሚንቶ ነው። ጎባ ደግሞ ብርዱ በሲሚንቶ በኩል ነው የሚገባው። ወረፋ ጠብቀን፣ አንዱ ክፍል ወደ ሌላው ልኮን፣ በመጨረሻ ፊዚዮቴራፒ የሚሉት ክፍል ገባን። ጥቁር ፕላስቲክ የለበሰ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የመለጠጫ ጎማ፣ ጥግ ላይ ኤልዳድ ነቅቶ እንዳየው እጁን የዘረጋለት ትልቅ ኳስ። ባለሙያዋ ሰሚያ ትባላለች፤ ሒጃብ ያሰረች፣ ከጂቱ ብዙም የማትበልጥ ልጅ። «አካም ጂርታ?» ብላ ተቀበለቻት፣ ከዚያ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያደባለቀች ጠየቀቻት። መቼ ወለድሽ፣ ምን ተሸከምሽ፣ ስትገላበጪ የት ያምሻል፣ ቀሚስ ስትለብሺ አንድ እግር ማንሳት ይከብድሻል ወይ። ጂቱ መጀመሪያ አንገቷን ደፍታ መለሰች፤ ቆይቶ ግን ቀና አለች፤ የሚጠይቃት ሰው መልሱን አስቀድሞ የሚያውቀው ሆኖባት።

ሰሚያ አስተኛቻት። «የግራ እግርሽን ሳታጥፊ አንሺ» አለቻት። ጂቱ ሞከረች። እግሯ ተንቀጠቀጠ፣ ከአልጋው ግን አልተላቀቀም፤ ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ። ሰሚያ ሁለት እጇን በዳሌዋ ግራና ቀኝ አድርጋ ወደ መካከል ጫን አለችና «አሁን አንሺ» አለቻት። እግሩ ተነሳ። እንደ ማንኛውም ሰው እግር፣ ዝም ብሎ ተነሳ። ለቀቀቻት፣ አሁንም ከበደ። እንደገና ጫነች፣ ተነሳ። ጂቱ ጣሪያውን እያየች አለቀሰች። ሰሚያ አላቋረጠቻትም።

ከዚያ አስቀምጣ አስረዳችን። ዳሌ አንድ ወጥ አጥንት አይደለም አለች፤ እንደ ቀለበት ነው፣ ከፊት አንድ ቦታ፣ ከኋላ ሁለት ቦታ የሚጋጠም። ልጅ እንዲያልፍ መጋጠሚያው ይላላል፣ ከወሊድ በኋላ ቀስ በቀስ ይጠብቃል። የጂቱ ሳይጠብቅ ጋን ገፋችበት፤ የግራው ሽቅብ ዘመመ፣ ጡንቻውም እሱን ለመያዝ በአንድ ጎን ብቻ ይጎትታል። «አጥንቱ ወልቆ የጠፋ እንዳይመስላችሁ» አለች፣ «ማሰሪያው ነው የደከመው። የደከመ ማሰሪያ ደግሞ ሲጎትቱት ይብሳል። ማን ነው የጎተተሽ?»

«ወጌሻ» አለች ጂቱ። «ኦጌሳ ቢራ ጌሳ ተብሎ።»

ሰሚያ «ኦጌሳዋ እኮ እኔ ነበርኩ» አለች።

ጂቱ አሁን ፍርሃቱ ለቀቃትና መጠየቅ ጀመረች። ጉልበቴስ? ወገቤስ? ትከሻዬ ለምን ይወድቃል፣ ራሴንስ ለምን ያመኛል? ሰሚያ አንድ በአንድ መለሰችላት። ዳሌው ሲዘም አንዱ እግር ያጠረ ይመስላል፣ የሌላው ጉልበት ይሸከማል፤ አከርካሪው ለማቃናት ይጎብጣል፣ ትከሻው ይከተላል፣ አንገት ይጨመደዳል፣ እሱም ራስ ምታት ይሆናል። ጂቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታስል ሽንት እንደሚያመልጣት፣ ማታም ባሏ ሲቀርባት ቢላ የገባ እንደሚመስላት ተናገረች። «እሱም ከዚያው ነው» አለቻት ሰሚያ፣ «ታችኛውን ጡንቻ የያዘው ያው ዳሌ ነው። አታፍሪ።»

እኔ ከአልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ደሜ ፈላ። ያ ራስ ምታት እኮ ሰንበቴ ዘንድ ቅናት ተብሏል። ጉልበቱ ሥራ መጥላት ተብሏል። ሽንቱ ጥንቃቄ ማጣት፣ የማታው ደግሞ ሌላ ሰው ወዳ ነው ተብሏል፤ ይህንን ለጎረቤት ጆሮ እንዲደርስ ተደርጎ ነው የተባለው። ለእያንዳንዱ ሕመም አንድ አንድ ስድብ ተሰፍቶለት ኖሯል። ሁሉም ግን አንድ ነገር ነው፤ በሁለት እጅ ጫን ሲሉት የሚታይ ነገር።

«ይድናል?» አልኩ።

«ይድናል። ጊዜ ይፈልጋል። ሸክም እያለ ግን አይድንም።» ሰፊ ቀበቶ ዳሌዋ ላይ አሰረችላትና፣ በጀርባዋ ተኝታ ጉልበቷን አጥፋ የተጠቀለለ ፎጣ በጉልበቶቿ መካከል እንዴት እንደምትጨምቅ አሳየቻት። ስትተኛ ትራስ በጉልበቶቿ መካከል፤ ስትለብስ ቁጭ ብላ። ለጊዜው ውሃ መሸከም፣ መንበርከክ፣ መጎንበስ፣ በአንድ እግር መቆም የለም። በሳምንት ተመለሺ አለቻት። ከዚያ «ባልሽ ይምጣና ልንገረው፣ ብቻሽን አትችይውም» አለች። ባሏ ደራራ ከደሎ መና ቡና የሚያመላልስ አይሱዙ ላይ ነው የሚሠራው፤ ያን ቀን ግን ለሽማግሌው ብሎ ቤት ነበር። ጂቱ ደወለችና ስልኩን ለሰሚያ ሰጠቻት። ሰሚያ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ለልጅ እንደሚነገር አድርጋ ሁሉንም ነገረችው። ከወዲያ በኩል «እሺ… እሺ… እሺ እህቴ» ሲል ሦስታችንም ሰማን።

ስለ ደራራ ሰው ሁሉ ጥሩ ልጅ ነው ይላል። አይሰድብም፣ አይማታም፣ አይጠጣም፤ አይናገርምም። ቤታቸው ስገባ አንዳንዴ ከሶፋው ለይቼ ለማየት ጊዜ ይወስድብኛል። ቢሆንም መንገዱን ሙሉ፣ ሰምቷል፣ ዛሬ ይናገራል እያልኩ መጣሁ። ጂቱም እንደዚያ ያሰበች ይመስለኛል፤ ሻርፗን አልነከሰችም።

ስንገባ ተሰብስበዋል። ጋሽ ገብረወልድ ሶፋው ላይ፤ አዎ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እሳቸው ናቸው። አጠገባቸው ቆርቆሮና ምስማር የሚሸጡት ሐጂ ዓብዱልፈታሕ፣ በሰፈሩ በዕድሜ የሚቀድማቸው የለም። ሦስተኛው የደራራ አጎት ነው፤ እሱ ገና ከጅምሩ እያንቀላፋ ነበር። ሰንበቴ ባለመደገፊያው ወንበር ላይ፣ ደራራ ዱካ ላይ ስልኩን ይዞ። ዳቦ ተቆርሷል፣ ለስላሳ ተከፍቷል። ኤልዳድን ጥግ ያለው ፍራሽ ላይ አስተኛሁት። ጂቱ በሩ ስር ቆመች፤ የምትዳኝ ምራት ቁጭ በይ እስክትባል ትቆማለች፣ ማንም ግን አላላትም።

«እስቲ አንቺ ልጅ፣ የሚባለውን ሰምተሻል፤ ምን ትያለሽ?» አሏት ሐጂ።

ተናገረች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። መጋጠሚያው መላላቱን፣ ዳሌዋ መዝመሙን፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ እንደመጣ፣ ሸክም እንደተከለከለች። የማታውን ነገር ስትደርስ «ለባሌ የምነግረው ነው፣ ሐኪሟም ነግራዋለች» ብላ አለፈችው።

«ዳሌ አይላላም» አሉ ጋሽ ገብረወልድ። «ዳሌ ድንጋይ ነው። እኔ ያስገባሁትን ማን አወጣው?»

«ጋሽ ገብረወልድ» አልኩ፣ «ያስገቡትንስ እርስዎ ያውቁታል፤ ከየት ወጥቶ እንደነበር ነው ያልነገሩን።»

ሐጂ ሳል መጣባቸው። ሰንበቴ ዞረችብኝ። «አሰፋች፣ ሽማግሌ ሆንሽ እንዴ?»

«አልሆንኩም። ጎረቤት ነኝ፤ ግድግዳው ነው ያስገባኝ። እኔን ተዪኝና ልጅሽን ጠይቂው። ደራራ፣ ዛሬ ከጎባ ተደውሎልሃል። ምን አለችህ?»

አጎቱ እንኳን ዓይኑን ገለጠ። ደራራ ስልኩን አገላበጠው፣ እናቱን አየ፣ መልሶ ስልኩን አየ።

«ኔትወርኩ ጥሩ አልነበረም» አለ። «ብዙም አልተሰማኝም።»

ጂቱን አላየኋትም፣ ማየት አቃተኝ። የሰው ልጅ በዱላ ቢመታ አንድ ቦታ ነው የሚያብጠው፤ እንዲህ ሲከዳ ግን ሁለመናው ነው።

ሐጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ነገሩን ማሳጠር ፈለጉ፣ ዝናብም መጥቷል። «እንግዲህ የሕክምናውን ለሐኪም እንተው» አሉ። «ለምጣድ ሲባል… እ… ለቤቱ ሰላም ሲባል፣ ጂቱ፣ አንቺ ልጅ ነሽ፤ የእናትሽን ጉልበት ሳሚና ይብቃ። ጎሮ መሄዱም ይቀራል።» ጋሽ ገብረወልድም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰንበቴ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች፣ ለመሳም። እኔን ከክሱ ሁሉ ይበልጥ ያቃጠለኝ ይሄ ነው፤ በደግነት ነው የተባለው። ጎሮ ላለመሄድ፣ ከልጇ ላለመለየት፣ የሚጠበቅባት ዝቅ ማለት ብቻ ነው። ዛሬ ከተከለከለችው አንዱን ማድረግ።

ጂቱ ቀስ ብላ ሄዳ ሰንበቴ ፊት ቆመች። እጇ ቀበቶዋ ላይ ነበር።

«እማማ፣ መጎንበስ አልችልም» አለች። «ይነሱልኝና ቆመን ልሳምዎት።»

ሰንበቴ በትክክል የሰማች አልመሰላትም።

«ይነሱልኝ» አለች ጂቱ እንደገና። «ጉንጭዎን እስማለሁ። ከልቤ ነው።»

«ተነሺላት እንጂ ሰንበቴ» አሉ ሐጂ፣ «ይሄ ምን ችግር አለው?»

«ለምራቴ ልነሳ?» ሰንበቴ ድምፅዋ ተሰበረ፤ እሷም ያን ጊዜ የተናደደችው በጂቱ ብቻ አልመሰለኝም። «እኔ አማቴን ጉልበቷን እየሳምኩ ነው የቀበርኳት። ስድስት ስወልድ አንድ ሰው ተነስቶልኝ አያውቅም።»

«እንግዲያው ይቀመጡ» አለች ጂቱ። ጮክ አላለችም። ሻርፗን አስተካከለችና «ደራራ፣ ልጁን አንሳልኝ፣ መሸከም ተከልክያለሁ» አለች። ደራራ እናቱን አየ። ስልኩ እጁ ላይ ነበር፣ ሁለት እጁም ሙሉ የሆነ ያህል ተቀመጠ። ልጁን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ከእነሱ ግቢ እኔ በር ድረስ ያለው ጠባብ መንገድ በክረምት ጭቃ ብቻ ነው፤ ሰው የሚያልፈው በመካከል በተደረደሩት ድንጋዮች ላይ አንድ በአንድ ነው። ጂቱ ወደ እኔ ቤት ከፊት ወጣች፣ እኔ ኤልዳድን አቅፌ ከኋላዋ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ሽማግሌዎቹም ነጠላና ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ተከትለውን ወጡ፤ ሰንበቴን ለማጽናናት ወደ ኋላ የቀረ የለም፣ ወይም ሁሉም ቸኮለ። ጋሽ ገብረወልድ ጀርባዬ ላይ ደረሱና «እስቲ አሳልፉን» አሉ። ማለፊያ አልነበረም። ጂቱ ዞር አላለችም። አጥሩን በአንድ እጇ ይዛ፣ እግሯን ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ፣ ዳሌዋ እስኪረጋ ቆማ፣ ከዚያ ሌላውን። ዝናቡ በረታ። «ኧረ ፈጠን በሉ፣ በሰበስን እኮ» አሉ ሐጂ ከወደ ኋላ። እሷ አልፈጠነችም። ልጁን በነጠላዬ ሸፈንኩና በእሷ እርምጃ ሄድኩ፤ ከኋላዬም ሽማግሌዎቹ፣ ውኃው ከጋቢያቸው እየተንጠባጠበ፣ ሁሉም በእሷ እርምጃ።